ጨው ውሃውን ያወጣው ከሰል ፈላጊው መሰርሰሪያ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በውጭ አገር ገጻችሁ ስለ ፖላንዷ ያስትሼምቢዬ-ዝድሩይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ጽሑፉ እንደሚለው ሰላማዊ የመታጠቢያ መንደር ነበረች፤ ከሰል መጣና በላት። ግማሹ ልክ ነው። የቀረው ግማሽ ግን ተዘሏል፤ በአገራችንም ስለ ከሰል ብዙ በሚወራበት በዚህ ጊዜ መዘለል ያልነበረበት እሱ ይመስለናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ በደቡብ ፖላንድ፣ ላይኛው ሲሌዥያ በሚባለው አካባቢ፣ ከቼክ ድንበር አጠገብ ትገኛለች። በ1850ዎቹ መጨረሻ አካባቢው በፕሩሺያ ሥር ሳለ መሬቱ የተሰረሰረው ሕሙማንን ለማዳን አልነበረም። ይፈለግ የነበረው ከሰል ነው። የወጣው ግን አዮዲንና ብሮሚን ያለበት ጨዋማ ውሃ ሆነ። ፊሊክስ ፎን ኬኒግስዶርፍ የተባለ ባላባት ዕድሉን አይቶ በ1861 መታጠቢያውን አቋቋመ። መናፈሻ ተተከለ፤ የእንግዳ ማረፊያዎችና የመታጠቢያ ቤቶች ተሠሩ። በ1896 ሚኮዋይ ቪትቻክ የተባለ ሐኪም ቦታውን ገዝቶ አስፋፋው፤ የቁርጥማትና የመገጣጠሚያ ሕሙማን፣ ደካማ ሕፃናትም ይጎርፉ ጀመር። በ1922 አካባቢው ወደ ፖላንድ ሲጠቃለል መታጠቢያው ሥራ ላይ ነበር። እንግዲህ ከሰሉ በኋላ የመጣ ወራሪ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ሥር ተቀምጦ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ወደ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ የዘገየው ጥልቅ ስለሆነና ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ነበር።

አንባቢ ፍልውሃን ወይም ሶደሬን እያሰበ እንዳይሳሳት፤ የያስትሼምቢዬው ውሃ ከመሬት ፈልቶ የሚወጣ አይደለም፤ ጠበልም አይደለም። ቀዝቃዛ ጨው ውሃ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ለመታጠቢያ ሲዘጋጅ በንጹሕ ውሃ አቅጥነው የጨውን መጠን ከ1 እስከ 6 በመቶ ያደርሱታል፤ ከዚያ ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁታል። ታካሚው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተኛበታል፤ ሲወጣ ገላውን አሻሽቶ አይጠርግም፣ ስስ የጨው ሽፋን ቆዳው ላይ እንዲቆይ ተጠቅልሎ ያርፋል። የልብ ድካም ያለበት፣ ክፍት ቁስል ያለበት ወይም የእንቅርት ዕጢው ከመጠን በላይ የሚሠራ ሰው አይገባበትም፤ የመጨረሻው የሚከለከለው በአዮዲኑ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ከሰሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት በአካባቢው ተከታታይ ማዕድን ማውጫዎችን ከፈተ፤ ያስትሼምቢዬ በ1962፣ ሞሽቼኒጻ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ዛሬ ዞፊዩፍካ የሚባለው ማኒፌስት ሊፕጾቪ በ1969፣ ቦሪኒያ በ1971፣ አጎራባች ወረዳ የሚገኘው ፕኒዩቬክ በ1974። መንደሯ የከተማነት መብት ያገኘችው በ1963 ሲሆን ያኔ ነዋሪዋ ጥቂት ሺህ ነበር። ከመላው ፖላንድ ወጣት ሠራተኛ ተመልምሎ መጣ፤ በፋብሪካ ተመርተው በክሬን ከሚገጣጠሙ የኮንክሪት ግድግዳዎች ፎቅ ቤቶች ተደረደሩ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ከ100 ሺህ አለፈ።

ጽሑፋችሁ ይህን ከሰል ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከሚነደው ጋር ደባልቆታል፤ ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። የያስትሼምቢዬ ከሰል በዋናነት ለብረት ማቅለጫ ኮክ የሚሠራበት ነው። ኮክ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የተለያዩ ከሰሎች አብዛኛው ክፍል ከ3 ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን ይፈጩና ይደባለቃሉ፤ ስፋቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ ቁመቱ ግን ብዙ ሜትር በሆነ ጠባብ ምድጃ ውስጥ ይገባሉ፤ አየር እንዳይገባ ተዘግቶ ከ1,000 እስከ 1,100 ዲግሪ ሙቀት ለ18 ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ትክክለኛው ከሰል በ400 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይደርቅና ጠንካራ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ይሆናል። አንድ ቶን ኮክ ለማግኘት ከ1.3 እስከ 1.4 ቶን ከሰል ይገባል። የማይጣበቅ ከሰል ብቻ ቢጨመር የሚወጣው ዱቄት ነው። በብረት ማቅለጫው ምድጃ ውስጥ ኮኩ ሙቀት ከመስጠትና ኦክስጅኑን ከብረት ማዕድኑ ከመንጠቅ ሌላ ሦስተኛ ሥራ አለው፤ ከላይ የተጫነበትን በብዙ ሜትር የሚቆጠር ክምር ተሸክሞ ጋዙ በመካከል እንዲያልፍ ማድረግ። ዱቄት ሲሆን ምድጃው ይታፈናል። የአውሮፓ ኅብረት የኮክ ከሰልን በወሳኝ ጥሬ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባውም ለዚህ ነው፤ መቀመጫው እዚያው ከተማ ያለው፣ በ1993 የተቋቋመው የያስትሼምቢዬ የከሰል ኩባንያም በኅብረቱ ውስጥ ትልቁ አምራች ነው። በአገራችን ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚቆፈረው ከሰል ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ብረት ፋብሪካዎቻችንም በአብዛኛው ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ወይም የመጣላቸውን ቢሌት (በከፊል የተሠራ የብረት ዘንግ) የሚዳምጡ ስለሆኑ ኮክ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ የያስትሼምቢዬን የገበያ ተስፋ ለእኛ ከሰል ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

ስለ ሠራተኛው ጽሑፋችሁ ጥሩ ነገር ብሏል፤ አንድ ነጥብ ብቻ እንጨምር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ማውጫዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ሳያቋርጡ እንዲሠሩ አራት ቡድን እየተፈራረቀ የሚገባበት አሠራር ተጀመረ። በወረቀት ሲታይ የዕረፍት ቀን አለ፤ ቀኑ ግን በየሳምንቱ ይዞራል፤ አባት የሚያርፈው ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ማክሰኞ ሊሆን ይችላል። መስከረም 3 ቀን 1980 በማኒፌስት ሊፕጾቪ የተፈረመው ስምምነት ይህን አሠራር አስቀረ፤ ከጥር 1981 ጀምሮም ቅዳሜና እሁድ የሥራ ቀን እንዳይሆኑ ወሰነ። ሁለቱንም ቀን ሰንበት ብሎ ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ጥያቄው እንግዳ አይሆንበትም። በታኅሣሥ 1981 ወታደራዊ አገዛዝ ሲታወጅ እዚሁ ማውጫ ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሠራተኞችን አቁስሏል፤ በነሐሴ 1988 አገሪቱን መንግሥትና ተቃዋሚዎች ወደተነጋገሩበት የክብ ጠረጴዛ ድርድር የገፋው የሥራ ማቆም አድማ የተነሣውም ከዚሁ ግቢ ነው።

መሬቱ ለምን ይሰምጣል? ከሰሉ የሚወጣው በረጅም ግንባር ነው፤ እስከ 200 ሜትርና ከዚያም በላይ በሚረዝም መስመር ላይ መቁረጫ ማሽን ይመላለሳል፤ ጣሪያውን በረድፍ የቆሙ የሃይድሮሊክ ድጋፎች ይይዛሉ፤ ማሽኑ ወደፊት ሲሄድ ድጋፎቹም ይከተላሉ፤ ከኋላ የቀረው ባዶ ቦታ ጣሪያው እንዲናድበት ይለቀቃል። ንደቱ ንብርብር በንብርብር ወደ ላይ ይተላለፋል። በ1950ዎቹ ስታኒስዋፍ ክኖቴ የተባለው ፖላንዳዊ ባቀረበው ስሌት መሠረት በንደት የሚሠራ ማውጫ ከተቆረጠው ውፍረት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወደ ገጸ ምድር ያወርዳል። 2 ሜትር ውፍረት ያለው የከሰል ንብርብር ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ላይ ያለው መሬት ከ1.4 እስከ 1.6 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ጥልቀቱ 800 ሜትር ከሆነ ጉዳቱ ከቁፋሮው ጠርዝ 400 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይዘልቃል። ባዶው ቦታ በአሸዋና በውሃ ቢሞላ መስመጡ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ወጪው ግን ይጨምራል፤ ክርክሩ ሁሌም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ሰፈሩ እኩል ከወረደ ቤቱ አይጎዳም። የሚጎዳው ጠርዝ ላይ ያለው ነው፤ በውጭ በኩል መሬቱ ይለጠጣል፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ይጨመቃል። ፖላንዶች መሬቱን በመለጠጥ መጠኑ በደረጃ ይከፍሉታል፤ በአንድ ሜትር እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር አንደኛ፣ እስከ 3 ሁለተኛ፣ እስከ 6 ሦስተኛ፣ እስከ 9 አራተኛ፣ ከዚያ በላይ አምስተኛ። 20 ሜትር የሚረዝም ቤት በሜትር 3 ሚሊ ሜትር ቢለጠጥ ከሥሩ ያለው መሬት በ6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጡቡ ይህን አይችልም። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ፎቅ በሜትር 5 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል አናቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ይጋደላል፤ በሮች ራሳቸውን ይከፍታሉ፣ የፍሳሽ ቧንቧም ወደ ኋላ ይመልሳል።

ስለዚህ እዚያ ረጅም ሕንጻ አንድ ወጥ ሆኖ አይሠራም። ከመሠረት እስከ ጣሪያ በሚዘልቅ ክፍተት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የኮንክሪት ሰሌዳ ላይ ይቆማል። የቆዩ ቤቶች በየፎቁ ደረጃ በብረት ዘንግ ዙሪያቸውን ይታሰራሉ። ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ግንበኛ ቤቱን ሲያድስ ያን ክፍተት ቆሻሻ መስሎት በስሚንቶ ይሞላዋል፤ ወይም ሙቀት መከላከያ ሲለጥፍ በፍርስራሽ ይደፍነዋል። መሬቱ መጨመቅ ሲጀምር ሁለቱ ክፍሎች መጠጋጊያ ስለማይኖራቸው እርስ በርስ ይጋፋሉ፤ ግድግዳውም በመጋጠሚያው ላይ ይፈነዳል። የጋዝና የውሃ ቧንቧም እንዲሁ ተለዋዋጭ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል፤ ቀጥ ብሎ የተበየደ ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ይበጠሳል።

ካሳውን በሕግ የሚከፍለው ማዕድን አውጪው ነው። ባለቤቱ በቀጥታ ለኩባንያው ያመለክታል፤ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ጉዳቱን ካወቀበት ቀን አንስቶ ያለው የጊዜ ገደብ 5 ዓመት ነው። አዋቂ ባለቤት ቁፋሮው ከመድረሱ በፊት ክፍል በክፍል ፎቶ ያነሣል፤ ስንጥቅ ካለ በላዩ ላይ ቀጭን የጄሶ ማኅተም አድርጎ ቀን ይጽፍበታል። ማኅተሙ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ገና እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ያኔ የሚለስን ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ይህን ያላደረገ ሰው ስንጥቁ ድሮም የነበረ ነው ሲባል መልስ ያጣል።

ውሃውን ለመጨረሻ ያቆየነው ዋናው ነገር ስለሆነ ነው። ማዕድን ማውጫ ያለ ፓምፕ አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ከዙሪያው ዓለት የሚንጠባጠበው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ላይ መገፋት አለበት። ሲገፋ በመሬት ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ከላይ የሚናደው ዓለትም አዲስ ስንጥቅ ስለሚከፍት ውሃው መንገዱን ይቀይራል። የያስትሼምቢዬ መታጠቢያ በዚህ ተዳከመ፤ ሕክምናው በ1994 ተዘጋ። ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትሮች የማይርቀው ጎቻውኮቪጼ-ዝድሩይ ግን ዛሬም በጨው ውሃ ሕክምና ይሰጣል።

ታዲያ ጨው ውሃው ከምድሪቱ አልጠፋም። ከጥልቁ ማውጫ የሚወጣው ውሃም ጨዋማ ነው፤ አንዳንዱ ከባሕር ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ነው። ልዩነቱ ድሮ በገንዳ ተለክቶ ለታካሚ ይሸጥ የነበረው ዛሬ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚወገድ መሆኑ ነው። የበርካታ ማውጫዎች ውሃ ኦልዛ በሚባል የጋራ ቧንቧ ተሰብስቦ ወደ ኦደር ወንዝ ይለቀቃል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ብዙ ይለቀቃል፣ ሲጎድል በገንዳ ይያዛል። ችግሩ ድርቁ ሲረዝም ነው። ገንዳው ይሞላል፣ ማውጫው ፓምፑን ማቆም አይችልም፣ ወንዙም ገና ጎዶሎ ነው። በ2022 በጋ ኦደር ላይ መቶዎች ቶን ዓሣ ሲያልቅ ገዳዩ ወርቃማ የሚባለው አልጌ የሚያመነጨው መርዝ ነበር፤ ይህ አልጌ ደግሞ ጨዋማ ውሃ ወዳድ ነው፤ ሙቀት፣ የውሃ መጉደልና ጨው አንድ ላይ ሲገጥሙለት ተራባ። ጨው ወደ ወንዙ የሚለቁት የያስትሼምቢዬ ማውጫዎች ብቻ አለመሆናቸውን መናገር ተገቢ ነው። ጨውን በማትነን የሚለይ ፋብሪካ በዚያው አካባቢ በዴምቢየንስኮ ተሠርቷል፤ ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ግን ይበላል፤ ለሁሉም ማውጫ ያልተስፋፋውም በወጪው ነው።

የጋዙን ነገር ጽሑፋችሁ በአንድ ቃል፣ አደገኛ ብሎ አልፎታል። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል፤ የከፋው 9.5 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠቋሚ መሣሪያዎቹ ገና ከ1 እስከ 2 በመቶ ላይ፣ እንደ ቦታው፣ ኤሌክትሪኩን ራሳቸው ይቆርጣሉ። ጋዙን ቀድሞ በተሰረሰሩ ቀዳዳዎች በቧንቧ ይመጥጡታል፤ በፕኒዩቬክ ይህ ጋዝ ሞተር ያንቀሳቅሳል፣ ከሞተሩ በሚወጣው ሙቀትም ማቀዝቀዣ ይሠራል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ታች ወርዶ የሥራ ቦታውን ያበርዳል። ቅንጦት አይደለም፤ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ዓለቱ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ በሕጉ ሙቀቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ፈረቃው ያጥራል፣ ይበልጥ ከጨመረ ደግሞ ከነፍስ አድን ሠራተኛ በስተቀር ማንም አይሠራም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ይደርሳል። ሚያዝያ 20 ቀን 2022 በፕኒዩቬክ ሚቴን ፈነዳ፤ ነፍስ አድን ሠራተኞች ከገቡ በኋላ ደግሞ ደገመ፤ 9 ሰዎች ሞቱ፣ 7 ደግሞ በጊዜው ከዚያው ሳይወጡ ቀሩ። የመጀመሪያው ፍንዳታ የአየር መንገዱን ያፈርሳል፣ እሳት ትቶ ይሄዳል፤ ጋዙ ግን መፍሰሱን አያቆምም፣ መጠኑ እንደገና 5 በመቶ ሲደርስ የሚያቀጣጥለው ዝግጁ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 23፣ በዞፊዩፍካ የመሬት ንቅናቄን ተከትሎ ሚቴን ፈሰሰ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። የኋለኛው ፍንዳታ አልነበረም፤ ጋዙ ኦክስጅኑን አፈናቅሎት ነው። ጽሑፋችሁ ሁለቱን እንደ አንድ አደጋ ቆጥሯቸዋል።

ዝግጅት ክፍሉ ስለ አገራችን የከሰል ቁፋሮ ወደፊት ሲጽፍ ዘጋቢው ባለሥልጣኑን ስንት ቶን ብሎ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን ቢያነሣ እንወዳለን፤ የሚቀዳው ውሃ የት ይፈሳል፣ በበጋ ወንዙ ሲጎድልስ? ቁፋሮው ሳይጀመር በዙሪያው ያሉ ምንጮችና የውሃ ጉድጓዶች መጠንና ጥራት ተለክቶ ተመዝግቧል ወይ? የገበሬው ቤት ቢሰነጠቅ ማመልከቻው ለማን ይገባል? መለኪያው ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ቢወሰድ ለክርክር አይጠቅምም፤ ማወዳደሪያ የለውምና።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ እርማት። ጽሑፋችሁ በባቡር እንደሚደረስባት ይጠቁማል። ያስትሼምቢዬ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይዛ የመንገደኛ ባቡር የሌላት የፖላንድ ትልቋ ከተማ ናት፤ ባቡሩ ከቆመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፣ ሐዲዱም በአብዛኛው ተነቅሏል። ለመሄድ የሚፈልግ እስከ ካቶቪጼ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ይሂድ። የድሮው መናፈሻና የመታጠቢያው ዋና ሕንጻ በእግር የሚታዩ ናቸው፤ ጨው ውሃው ግን እዚያ ስለሌለ ለመታጠብ ያሰበ ሰው ጎቻውኮቪጼ ይውረድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በማዕድንና በከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ